ያገለገለ አይፎን 11 ወይስ አዲስ ጋላክሲ ኤ16? ለደብረ ብርሃን ነዋሪ የትኛው ይሻላል?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለግሌ ስልክ ልገዛ ነው። በያዝኩት ብር እዚህ ደብረ ብርሃን የማገኘው ወይ ያገለገለ አይፎን 11 ባለ 128 ጂቢ፣ ወይ ከነካርቶኑ አዲስ ጋላክሲ ኤ16 ነው። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ሁለቱም ሁልጊዜ እንዲሠሩልኝ እፈልጋለሁ። ቴሌብር፣ የንግድ ባንክ አፕ፣ ቴሌግራም፣ ፎቶ፣ በአማርኛ መጻፍ፤ ሌላ ብዙ ነገር የለኝም። ቢያንስ አራት ዓመት ይቆይልኝ። መሐል ሜዳ ስለምመላለስ መብራት በሌለበት የሚውልበት ጊዜም አለ። "አይፎን ይበልጣል፣ ሳምሰንግ ይበልጣል" ከሚለው ክርክር ይልቅ ሁለቱ ሲስተሞች ለእንዲህ ዓይነት አጠቃቀም በምን በምን እንደሚለያዩ የምታውቁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ጣርማ በር፦
እህቴ፣ ከዘረዘርሽው ውስጥ ትልቁ ጉዳይ የሲሙ ነው። አብዛኛው አይፎን 11 የሚይዘው አንድ ናኖ ሲም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው መስመር በኢ-ሲም (ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም) ነው የሚገባው። ሁለት ናኖ ሲም የሚቀበለው ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ የተሠራው ሞዴል ኤ2223 ነው። ኤ2111 የአሜሪካው ነው፣ ኤ2221 ደግሞ የሌሎች አገሮች። ለማወቅ ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ አባውት ግቢና "ሞዴል ነምበር" የሚለውን መስመር አንዴ ንኪው፤ በኤ የሚጀምረው ቁጥር ይወጣል። ኢ-ሲም የሆነ መስመር ስልኩ ሲበላሽ ነቅለሽ ሌላ ስልክ ላይ አትሰኪውም፤ እንደገና ለማስገባት ድርጅቱ ጋ መሄድ አለብሽ። ቴሌብርሽ በዚያ ቁጥር ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤ16 ላይም ሳትከፍዪ የሲም ትሪውን አስወጥተሽ እዪ። ብዙዎቹ የሳምሰንግ ኤ ስልኮች ሁለተኛው የሲም ቦታ ከሜሞሪ ካርዱ ጋር የጋራ ነው፤ ሁለት ሲም ካስገባሽ ካርድ የለም ማለት ነው። ስለዚህ "በኋላ ሜሞሪ እጨምራለሁ" ብለሽ አነስተኛውን እንዳትወስጂ። ራሙም (የተከፈቱ አፖችን የሚይዘው ሜሞሪ) 4 ጂቢ ከሆነው 6 ወይም 8 ያለውን ምረጪ፤ በ4 ጂቢ ላይ ቴሌግራም፣ ካሜራና የባንክ አፕ ተራ በተራ ሲከፈቱ የቀደመው እየተዘጋ ከመጀመሪያው ይጀምርብሻል።

ስለ አራት ዓመቱ፦ አይፎን 11 የወጣው በፈረንጆቹ 2019 ነው። በ2025 የወጣው የአይፎን ሲስተም አይኦኤስ 26 ይሠራበታል፤ ግን ያው አይኦኤስ 26 የ2018ቶቹን ኤክስአርና ኤክስኤስ ትቷቸዋል፣ ከነሱ ቀጥሎ ያለው 11 ነው። ኤ16 የወጣው በ2024 መጨረሻ ሲሆን ሳምሰንግ ስድስት የአንድሮይድ ማሻሻያና የስድስት ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቶለታል። ማሻሻያ ቆመ ማለት ስልኩ በማግሥቱ ይሞታል ማለት እንዳልሆነም እወቂ። ዋትስአፕ በ2025 የጠየቀው ዝቅተኛው አይኦኤስ 15.1 ነው፤ ያን ደግሞ አይፎን 6ኤስም ይደርስበታል። ቢሆንም የባንክ አፕ ለሚይዝ ስልክ የደኅንነት ማሻሻያው መቋረጥ የለበትም፤ እኔ አንድሮይዱን እላለሁ።

የሮቢት ጥገና፦
ስለ ሲሙና ስለ ዕድሜው ከላይ የተባለው ልክ ነው። ግን አይፎኑ ፍጥነቱ ከኤ16 ይበልጣል፤ ኤ13 የሚባለው ቺፑ ዛሬም አይናቅም፣ ቪዲዮውም የተሻለ ነው። ለሱ ካደላሽ ሳትከፍዪ ከሻጩ ፊት ቆመሽ ይህን አስደርጊ።

መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይደምስሰው፦ ሴቲንግ፣ ጄነራል፣ "ትራንስፈር ኦር ሪሴት"፣ "ኢሬዝ ኦል"። የአፕል አይዲ (የአፕል አካውንት) ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ ያስገባ። ተነሥቶ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ሳይጠይቅ እስከ መጨረሻው ካለፈ ነጻ ነው። "ለባለቤቱ ተቆልፏል" የሚል ጽሑፍ ከወጣ መልሺለት፤ "ነገ እንከፍትልሻለን" የሚባል ነገር አትቀበዪ። ቀጥሎ አባውት ላይ "ካሪየር ሎክ" የሚለውን እዪ፤ "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ማለት አለበት። ሲሙን ስታወጪ ከሥሩ ስስ ቺፕ ተለጥፎ ካገኘሽ ስልኩ የውጭ ድርጅት ቁልፍ አለበት፤ በቺፕ የተከፈተ ስልክ ሲስተሙ ሲታደስ ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል።

እዚያው አባውት ውስጥ ስለ ተቀየሩ ዕቃዎች የሚናገር ክፍል አለ። ባትሪ ወይም ስክሪን ላይ "አንኖውን ፓርት" ካለ ኦርጂናሉ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ብቻውን አትግዢ አያሰኝም፤ ዋጋ ግን ያስቀንሳል። ፌስ አይዲን እዚያው ፊትሽን አስመዝግበሽ ሞክሪው፤ ከፊት ያለው ዕቃ ከእናት ቦርዱ ጋር የተጣመረ ስለሆነ ከተበላሸ ሌላ ገዝቶ በመቀየር አይመለስም።

የባትሪ ጤናው 80 በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ የባትሪ ማስቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። የደከመ ባትሪ በደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ 20 በመቶ እያሳየ ድርግም ሊል ይችላል፤ ብርድ የባትሪውን የውስጥ ተቃውሞ ስለሚጨምረው ስልኩ በአንዴ ብዙ ኃይል ሲፈልግ ቮልቴጁ ይወርዳል። አፕል አይፎንን እንድንጠቀምበት የሚለው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ወደ እኛ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርጂ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ ቻርጅ ቢሰካ መሙላቱን ያቆማል። ያ ብልሽት አይደለም፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው።

የጠባሴ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ አንዱ ሻጭ "አፕል አይዲ በኔ እከፍትልሻለሁ፣ አፑንም ሁሉ ጭኜ አስረክብሻለሁ" አለኝ። ችግር አለው?

አንኮበር ዳገት፦
አዎ፣ እጅግ ትልቅ ችግር አለው! በምንም ዓይነት አትቀበዪ። አይዲው የማን ነው ማለት ስልኩ የማን ነው እንደማለት ነው። በአይዲው የገባ ሰው ባለበት ሆኖ ስልክሽን ሊቆልፈው፣ ያለሽበትን ቦታ ሊያይ ይችላል፤ ፎቶሽም አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ) ከበራ ወደ እሱ አካውንት ይሄዳል። ሻጮቹ ይህን የሚያደርጉት ኢትዮጵያ በአፕ ስቶር አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ነው፤ አካውንት ሲከፈት ከዝርዝሩ ሌላ አገር መምረጥ ግድ ይላል፣ ብዙ ሰውም እዚያ ላይ ይቆማል።

ራስሽ ክፈቺው። ሴቲንግ ውስጥ አትጀምሪ፤ አፕ ስቶርን ከፍተሽ አንድ ነጻ አፕ ላይ "ጌት" በዪ፣ ከዚያ አዲስ አካውንት የሚለውን ምረጪ። እንዲህ ሲጀመር ነው የክፍያ መንገድ ሲጠየቅ "ነን" የሚለው አማራጭ የሚመጣው። ኢሜይሉና ፓስወርዱ ያንቺ ብቻ ይሁኑ፤ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቤት አስቀምጪ።

አንድሮይድም ከዚህ ነጻ አይደለም። ሱቁ በከፈተው ጂሜይል የገባ ሳምሰንግ በሪከቨሪ (ስልኩ ሳይከፈት በሚገባበት ሜኑ) በኩል ያለበት ሁሉ ሲደመሰስ ያንኑ ጂሜይል ይጠይቃል። ልዩነቱ የጉግል አካውንት ለመክፈት የአገር ጣጣ የለበትም፤ ነጻ የኢንተርኔት ማከማቻውም 15 ጂቢ ነው፣ የአፕል 5 ጂቢ። ፎቶ ለሚያበዛ ሰው 5 ጂቢ ቶሎ ይሞላል።

አይኦኤስን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ፦ በቴሌግራም የተላከ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) አይጫንበትም። አንድሮይድ ላይ ግን የባንክ አፕ የሚመስል ፋይል ተልኮላቸው የጫኑ ሰዎች ገንዘባቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ኤ16ን ከገዛሽ ቴሌብርንም ባንኩንም ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርጂ፣ "አንኖውን አፕስ" የሚለውን ፈቃድ ለቴሌግራምም ለሌላም አትስጪ። ኢንተርኔት በሌለበት የቴሌብሩ *127# እና የንግድ ባንኩ *889# በሁለቱም ስልክ ይሠራሉ፤ ሲደወል የተመዘገብሽበትን መስመር መምረጥ ብቻ ነው።

አማርኛውን በተመለከተ አንድሮይድ ላይ ጂቦርድ (የጉግል ኪቦርድ) ውስጥ አማርኛን መጨመር ይበቃል። አይፎንም ከሌላ አምራች የመጣ ኪቦርድ ይቀበላል፤ ፓስወርድ የሚጻፍበት ቦታ ስትደርሺ ግን በራሱ ወደ አፕል ኪቦርድ ይመለሳል፣ ግራ አይግባሽ። "ፉል አክሰስ" ብሎ ለሚጠይቅ ኪቦርድ ሳታጣሪ ፈቃድ አትስጪ፤ የምትጽፊው ሁሉ ወደ ውጭ ሊላክ ይችላል።

ጣርማ በር፦
የመሐል ሜዳውን ሳልነካው ቀርቻለሁ። ከሁለቱ ሲም አንዱ ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ስልኩ ሳያቋርጥ ፍለጋ ላይ ነው፤ ባትሪ የሚበላው ይሄ ነው። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሲም ማናጀር ገብተሽ ያን ሲም አጥፊው፤ አይፎን ላይ ሴሉላር ውስጥ መስመሩን ነክተሽ "ተርን ኦን ዚስ ላይን" የሚለውን አጥፊ። ስትመለሺ ማብራት ነው።

ኤ16 ባትሪው 5000፣ አይፎን 11 ደግሞ 3110 ሚሊአምፒር ነው፤ አይፎኑ ቁጠባ ቢያውቅም በዚህ ልዩነት ላይ የዓመታት ድካም ሲጨመርበት አንድሮይዱ ይበልጠዋል። 10,000 የሚል ፓወር ባንክ ኤ16ን ሁለት ጊዜ ይሞላል ብለሽ እንዳትቆጥሪ። ቁጥሩ የተለካው በራሱ ሴል ቮልቴጅ ነው፣ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርም የሚባክን አለ፤ አንድ ጊዜና ትንሽ ነው የሚወጣው። ለአይፎኑ ሁለት ጊዜ ገደማ ይሆናል። ኬብሉንም አስቢበት፤ አይፎን 11 ላይትኒንግ ነው፣ ኤ16 ታይፕ ሲ ነው፣ መንገድ ላይ ከሰው የሚገኘው ታይፕ ሲው ነው።

ሳምሰንጉን ከወሰድሽ ሱቁ ውስጥ *#06# ደውለሽ የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዪ፣ *#0*# ደውለሽ ደግሞ ስክሪኑን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፈትሺ። ቤት ስትገቢ ባትሪ ውስጥ "ባክግራውንድ ዩሴጅ ሊሚትስ" ከፍተሽ ቴሌግራምንና ቴሌብርን "ኔቨር ኦቶ ስሊፒንግ" ዝርዝር ውስጥ ጨምሪ፤ አለዚያ አንድሮይድ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ያስተኛቸውና መልእክቱ የሚደርስሽ አፑን ስትከፍቺ ብቻ ይሆናል።