በካርታ ሶፍትዌር የተደራረቡ ፖሊጎኖችን (ዝግ ቅርጾችን) አዋህዶ ለየብቻ ለማስቀመጥ የትኛው ይሻላል? (ጥቆማ)

አምስት ጉድጓዶች አሉ እንበል። በእያንዳንዱ ዙሪያ የ500 ሜትር በፈር (ዙሪያውን የሚከብ ክልል) ሠራችሁ። ሦስቱ ክቦች ተደራረቡ። ቀሪዎቹ ሁለቱ ደግሞ ራቅ ብለው እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። የምትፈልጉት ሁለት ፊቸር (ለየብቻ የሚመረጥ የካርታ ቅርጽ) ነው። በዲዞልቭ (ቅርጾችን በሚያዋህደው መሣሪያ) ስታዋህዱ ግን አትሪቢዩት ቴብሉ (የቅርጾቹ መረጃ ሠንጠረዥ) ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ይመጣል። አንዱን ቅርጽ ስትመርጡ ሁለቱም አብረው ይመረጣሉ። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሁሉንም በአንድ መልቲፓርት (ብዙ የተለያዩ ክፍሎች ያሉት አንድ ፊቸር) ጠቅልሎ ነው የሰጣችሁ።

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ኪውጂአይኤስን (QGIS) የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ሥራውም ፈጣን ነው። በአዳዲሶቹ ቅጂዎች የዲዞልቭ መስኮት ላይ የማይነካኩትን ለየብቻ የሚያስቀር ሳጥን አለ። እሱን ቼክ አድርጉ፣ አለቀ። የቆየ ቅጂ ከሆነ ከዲዞልቭ በኋላ መልቲፓርቱን ወደ ነጠላ ፊቸሮች የሚበትነውን «መልቲፓርት ቱ ሲንግልፓርትስ»ን አስከትሉ። ስህተት አለ ብሎ ከቆመ መጀመሪያ የተበላሹ ቅርጾችን የሚያስተካክለውን «ፊክስ ጂኦሜትሪስ»ን አስኪዱ።

የአርክጂአይኤስ ፕሮ (በክፍያ የሚገኝ የካርታ ሶፍትዌር) ፈቃድ ካላችሁ እዚያው ጨርሱት። ዲዞልቭ ውስጥ መልቲፓርት ፍጠር የሚለው ምልክት ተደርጎበት ስለሚመጣ አንሱት። በፓይተን ለምትሠሩ ደግሞ ጂኦፓንዳስ በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ላይ ዲዞልቭ፣ ከዚያ ክፍሎቹን የሚበትነው ኤክስፕሎድ ነው።

አትሪቢዩቱ (የእያንዳንዱ ቅርጽ መረጃ) የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ኪውጂአይኤስ ከዲዞልቭ በኋላ የሚያሳየው መጀመሪያ ያገኘውን ፊቸር መረጃ ነው። የሦስት ጉድጓድ ቅርጽ የአንዱን ስም ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህን ሳያዩ ሪፖርት ውስጥ ማስገባት ያሳዝናል። እዚህ ላይ ያለ ማመንታት ፖስትጂአይኤስ (የካርታ መረጃ የሚያስተናግድ የዳታቤዝ ማስፋፊያ) እላለሁ። የሚቀራረቡ ቅርጾችን በቡድን የሚመድበውን «ኤስቲ ክላስተር ዲቢስካን»ን ርቀቱን 0፣ ዝቅተኛውን ብዛት 1 አድርጋችሁ ስታስኬዱት ለእያንዳንዱ ፖሊጎን የቡድን ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በቁጥሩ ሰብስባችሁ በ«ኤስቲ ዩኒየን» ታዋህዳላችሁ። የጉድጓዶቹን ብዛትም ሆነ የውኃ መጠናቸውን ድምር በዚያው የዳታቤዝ ጥያቄ (ኩዌሪ) ታወጣላችሁ። ማን ከማን ጋር እንደተዋሃደ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንድ ነጥብ ብቻ የሚነካኩ ፖሊጎኖች በፖስትጂአይኤሱ መንገድ አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ በዲዞልቭ መንገድ ግን ተለያይተው ይቀራሉ። ድንበር የሚጋሩትን ግን ሁለቱም መንገዶች ያዋህዷቸዋል። የቦታ ይዞታ ካርታ ላይ ከሆናችሁ ጎረቤታሞች ሁሉ አንድ ሰፊ መሬት ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ዋናውን ሌየር (የካርታ መረጃ ንብርብር) ኮፒ አድርጉ።