ጉግል ማፕ ምግብ ቤታችንን «ተዘግቷል» ይላል፤ ገብርኤል ደረሰ፣ የሚያውቅ ይርዳኝ

የጓዳዋ (ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 2:15)
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ሰው እባካችሁ ቶሎ። ምግብ ቤታችን ጉግል ማፕ ላይ «ፐርማነንትሊ ክሎዝድ» ይላል፣ እስከመጨረሻው ተዘግቷል ማለት ነው። በቀይ። እኛ አልተዘጋንም! ይሄን የምጽፈው ራሱ ካውንተር ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ ሁለት ጠረጴዛ ሰው አለ። ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ደውለው «ካርታው ተዘግቷል ስላለን ሌላ ቦታ በላን» አሉኝ። ስድስት ሰው! ገብርኤል ስድስት ቀን ቀረው። ሐምሌ 19 ሀዋሳ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ማስተካከያ ለመጠቆም «ሰጀስት አን ኤዲት» የሚለውን ነክቼ ክፍት ነው ብዬ ከላክሁ ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ምንም የለም። ለማን ነው የሚከፈለው? ወይስ አዲስ ልክፈት? ሰው ተመቅኝቶ እንዳዘጋብኝ እርግጠኛ ነኝ።

ማሜ ታቦር (2:21)
ወንድሜ ካሽ አጽዳ። ካሽ ማለት ስልኩ ያጠራቀመው ጊዜያዊ ፋይል ነው። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ማፕስ፣ ክሊር ካሽ። ይስተካከላል።

የጓዳዋ (2:24)
እህት ነኝ። አጸዳሁ። ያው ነው። በእንግዶቹም ስልክ ያው ነው የሚለው።

ባጃጅ 07 (2:26)
ተዘግቷል ካለ እንግዲህ ሂሳብ ሳልከፍል የወጣሁበት ቤት ከሆነ ዕዳዬም ተዘግቷል ማለት ነው 😂

መምህር ዲጂታል (2:40)
ሰላም። ችግሩ ከሥር ነው የሚጀምረው። አብዛኛው ነጋዴያችን ኦንላይን ማርኬቲንግ ማለት ፌስቡክ ላይ የበዓል ፖስተር መለጠፍ ይመስለዋል። ጉግል አንድን ቤት ከፍ አድርጎ የሚያሳየው ሦስት ነገር አይቶ ነው። አንደኛ ሰውየው ከፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል ይገጥማል፣ ሁለተኛ ካለበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል፣ ሦስተኛ ቤቱ ምን ያህል የታወቀ ነው። ርቀቱን አትቀይሩትም። የቀሩት ሁለቱ በእጃችሁ ናቸው። ዘርፉን በትክክል ምረጡ። ፎቶ አስገቡ፣ ግን የሰርግ አዳራሽ የሚመስል ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አይደለም። ሜኑ ከነዋጋው ጻፉ። ለሪቪው፣ ማለት እንግዳ ለሚጽፈው አስተያየት፣ መልስ ስጡ፣ ለሚሳደበውም ጭምር። ስማችሁንም አጠናክሩት፣ ለምሳሌ «እገሌ ምግብ ቤት ሀዋሳ ምርጥ ዓሣ ርካሽ» ብትሉ ፍለጋ ላይ ትወጣላችሁ። ሪቪው ለሚጽፍ እንግዳም አንድ ለስላሳ በነፃ ስጡ። ክፍል ሁለትን ነገ እጽፋለሁ።

ባጃጅ 07 (2:43)
መምህር፣ ሴትዮዋ በር ተቆልፎባት ውጭ ቆማለች፣ አንተ የቤት አሠራር ታስተምራለህ።

ከአቶቴ (2:58)
መምህር የመጀመሪያው ልክ ነው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ቤት ያዘጋሉ። ጉግል ላይ የሚጻፈው ስም በር ላይ ባለው ታፔላ ያለው ስም ብቻ ነው። «ምርጥ» «ርካሽ» የሚጨምር ሰው ፕሮፋይሉ፣ ጉግል ላይ ያለው የቤቱ ገጽ ማለት ነው፣ ሊታገድበት ይችላል። ለሪቪው ስጦታ መስጠትም ክልክል ነው፣ ለስላሳም ቢሆን።
እህቴ፣ ካልነገርሽን ነገር ልጀምር። ፕሮፋይሉን ማን ነው የከፈተው? በማን ኢሜይል?

የጓዳዋ (3:05)
የእህቴ ልጅ ነው የከፈተው። እዚሁ ይሠራ ነበር። አሁን ዱባይ ነው። ኢሜይሉ ምን ያደርጋል?

ከአቶቴ (3:07)
ሁሉንም ነገር ያደርጋል።

የድሮ ሀዋሳ (3:15)
ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልሽ። እኔ በዚህ ከተማ ምግብ ቤት ስሠራ ባጃጅ ራሱ አልነበረም፣ ጋሪ ነበር። ዓሣ የሚበላ ሰው አሞራ ገደል ይሄዳል፣ ካርታ አይከፍትም። ለገብርኤል የሚመጣውም ምዕመን ካስቀደሰ በኋላ ሽታ ተከትሎ ነው የሚገባው። በርሽ ላይ ጥሩ ሽንኩርት አቁላዪ። ይሄ ሁሉ ስልክ መነካካት ለምንድን ነው?

የጓዳዋ (3:22)
ጋሼ ልክ ነዎት፣ ግን እኛ ዋናው መንገድ ላይ አይደለንም። ከአስፋልቱ ገባ ብለን ነው። ሽታው እስከዚያ አይደርስም። ለሥልጠና የሚመጡት፣ ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን ብቅ የሚሉት ልጆች፣ ፈረንጆቹ፣ ሁሉም ስልካቸውን ይዘው ነው የሚገቡት። «ያገኘናችሁ በማፕ ነው» ነበር የሚሉኝ። ስልሳ ምናምን ሪቪው ነበረን። ስለ ዓሣ ዱለታችን የጻፈች ልጅ አለች፣ እሷን አንብቦ ያልመጣ የለም።

የድሮ ሀዋሳ (3:25)
ዱለቱ በቆሮሶ ነው በአምባዛ?

የጓዳዋ (3:26)
በቆሮሶ።

የድሮ ሀዋሳ (3:26)
እንደሱ በይኝ። የት ናችሁ?

የጓዳዋ (3:28)
ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው ስሙን ያልጻፍኩት። ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው።

ባጃጅ 07 (3:31)
ቆይ ቆይ። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ከበሩ ግራና ቀኝ እንሰት የተተከለበት? ካንቺ ጋር ነው እንዴ? አንቺ እኮ ከመዘጋትሽ በፊትም ካርታሽ ውሸታም ነው። ሰው ጭኜ «ደርሰዋል» ሲለኝ ሁሌ ከጀርባ ጋራዡ በር ላይ ነው የሚያቆመኝ። አንድ ቀን ሁለት ፈረንጅ ጋራዡ ገብተው ሜኑ ጠይቀዋል፣ እግዜር ምስክሬ ነው።
ቀልዱን ተይውና፣ ፒኑን፣ ካርታው ላይ ቤትሽን የሚያሳየውን ምልክት፣ አስተካክዪ። ማፑ ላይ በርሽ ያለበትን ቦታ በጣትሽ ጫን ብለሽ ያዢ፣ መሀሉ ላይ የመደመር ምልክት ያለበት ፊደልና ቁጥር ይወጣልሻል። ፕላስ ኮድ ይሉታል። እንግዳ ሲደውል እሱን ላኪለት። የመንገድ ስም በሌለበት አገር ይሄ ነው የሚሠራው። ቴሌግራም ላይም ሎኬሽን መላክ ትችያለሽ፣ እሱ ተዘግቷል አልተዘጋም አይልም።

ፈጣን ሶሉሽን (3:40)
በ24 ሰዓት እናስከፍታለን። 100% ዋስትና። ጉግል ውስጥ ሰው አለን። 5,000 ብር ብቻ። ኢንቦክስ።

ከአቶቴ (3:44)
እህቴ፣ ለዚህ እንዳትመልሺ። ጉግል ውስጥ ሰው የለውም። ፕሮፋይሉ በነፃ ነው። ማፕ ላይ ከፍ ብሎ ለመውጣትም ጉግል ገንዘብ አይቀበልም፣ ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ እሱም «ስፖንሰርድ» ተብሎ ይጻፍበታል። በስልክሽ የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም እንዳትሰጪ፣ «ከጉግል ነው የምደውለው» ቢልሽም።

አሁን ወደ ነገርሽ። አዲስ ፕሮፋይል እንዳትከፍቺ። ለአንድ ቤት ሁለት ፕሮፋይል አይፈቀድም፣ ስልሳውንም ሪቪው ትተሽ ትወጫለሽ። ከተዘጋው ጎን አዲሱ ቢወጣ ደግሞ እንግዳው ይበልጥ ይምታታል።
ያሉሽ መንገዶች ሁለት ናቸው። ልጁ ኢሜይሉን ከነፓስወርዱ ካገኘው በእሱ ገብተሽ ጉግል ላይ የምግብ ቤትሽን ስም ትፈልጊያለሽ። «ኤዲት ፕሮፋይል» የሚል ይመጣልሻል። ሰዓት የሚለው ውስጥ ክፍት፣ ለጊዜው ዝግ፣ እስከመጨረሻው ዝግ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ክፍት የሚለውን መርጠሽ ሴቭ። አለቀ።
ኢሜይሉ ከጠፋ ግን በራስሽ ጂሜይል ባለቤትነት ትጠይቂያለሽ። ካርታው ላይ ቤትሽን ስትነኪ «ክሌይም ዚስ ቢዝነስ» ይልሻል። የተያዘ ነው ካለሽ የያዘውን ኢሜይል የተወሰኑ ፊደሎች ያሳይሽና ጥያቄ ይልክልሻል። ያዡ መልስ ለመስጠት 3 ቀን አለው። ዝም ካለ አንቺ ራስሽን ወደማረጋገጥ ልታልፊ ትችያለሽ።

የጓዳዋ (3:50)
3 ቀን?? ከዚያ ይከፈታል?

ከአቶቴ (3:57)
አይ፣ ከዚያ ማረጋገጫው አለ። መንገዱን የሚመርጠው ጉግል ነው፣ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል። እኔን ሁለት ጊዜ ጥሎኛል፣ ስለዚህ ስሚኝ። ሳትቆርጪ በአንድ ትንፋሽ ቅረጪ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ። ከመንገዱ ጀምሪ፣ ጎረቤት ያለው ሱቅና ታፔላው ይታይ። ከዚያ የራስሽን ታፔላ ቀረብ ብለሽ አሳዪ። ከዚያ በሩን በራስሽ ቁልፍ ክፈቺ፣ ዋናው እሱ ነው፣ እንግዳ ቁልፍ የለውማ። ከዚያ ኩሽና፣ የሂሳብ ማሽኑ፣ ዕቃ የምታስቀምጪበት ክፍል። የሰው ፊትና መታወቂያ እንዳይገባ። እኔን መጀመሪያ የጣለኝ ታፔላዬ በዝናብ ደብዝዞ ስለማይነበብ ነው። ሁለተኛው ላይ ቪዲዮውን ቆርጬ ቀጥዬ ነበር። ከላክሽ በኋላ ጉግል አይቶ እስኪጨርስ እስከ 5 የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል።
ስለዚህ በዚህኛው መንገድ ለገብርኤል አይደርስም። ልጁን ፈልጊው።

ማሜ ታቦር (4:02)
ካሽ ብቻ ሳይሆን ዳታውንም ክሊር አድርጊ። ስልኩን ሪስታርት።

የጓዳዋ (ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 3:10)
ልጁን በኢሞ አገኘሁት። ፓስወርዱን ረስቶታል። ኢሜይሉ የተከፈተበት ሲም እዚህ የነበረው ነው፣ ጠፍቷል። እና አንድ ነገር... አምና ጣሪያ ስናድስ ሁለት ወር ዘግተን ነበር። ያኔ «ሰው እንዳይመጣ» ብሎ ማፑ ላይ ዝግ ያደረገው እሱ ራሱ ነው። ለጊዜው የሚለውን የነካ መስሎት። ጎረቤቴን በከንቱ ነው ያማሁት።

ባጃጅ 07 (3:14)
ጎረቤትሽ ይሄን ያነባል 😂 ዱለት ላኪለት።

መምህር ዲጂታል (3:20)
ይሄ ነው እንግዲህ ክፍል ሁለት ላይ ልጽፈው የነበረው። ፕሮፋይል በሠራተኛ፣ በዘመድ፣ በዲዛይነር ኢሜይል አይከፈትም። በድርጅቱ ኢሜይል ከፍቶ ሌላውን ማናጀር ብቻ ማድረግ። የሚያውቀው ሰው ሲሄድ ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለ ለስላሳው ደግሞ ታርሜያለሁ።
አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ሊጠቅም ይችላል። ገለጻው ውስጥ ከተማውን በሁለቱም አጻጻፍ ጻፉ፣ «ሀዋሳ»ም «አዋሳ»ም። እንግሊዝኛውንም በኤችም ያለኤችም። ትልልቆቹ እንግዶች አሁንም አዋሳ ብለው ነው የሚፈልጉት።

የድሮ ሀዋሳ (3:26)
አዋሳ ነው እኮ።

ከአቶቴ (3:31)
እህቴ፣ ልጁ ያኔ ይጠቀምበት የነበረው ስልክ የት ነው? ከእሱ ላይ ካልወጣ አካውንቱ እስካሁን ክፍት ሊሆን ይችላል። ፓስወርድ ላይጠይቅሽ ይችላል።

የጓዳዋ (3:48)
ወይኔ!! የትዕዛዝ መቀበያው ስልክ! መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፣ ከአሮጌ ደረሰኝ ሥር። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ የበርበሬ ዱቄት ገብቶበታል። ሞቷል፣ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ። ባትሪው ትንሽ ያበጠ ይመስላል።

ማሜ ታቦር (3:50)
ሲበራ ፋክተሪ ሪሴት አድርጊው፣ አዲስ ይሆናል።

ከአቶቴ (3:50)
በፍጹም!! ሪሴት ካደረግሽው አካውንቱም አብሮ ይጠፋል። ማሜ፣ በእግዚአብሔር ተው።
ባትሪው ካበጠ ደግሞ ቻርጅ ማድረጉ ራሱ አደገኛ ነው፤ ሰክተሽ ትተሽው እንዳትሄጂ፣ ከኩሽናውም አርቂው። ሲበራ ዋይፋይ ብቻ አገናኚው። ጂሜይሉ ካለ መጀመሪያ ክፍት የሚለውን አስተካክዪ፣ ቀጥሎ «ፒፕል ኤንድ አክሰስ» ውስጥ ገብተሽ የራስሽን ኢሜይል ባለቤት አድርገሽ ጨምሪ። ዋና ባለቤትነቱን ለማዛወር አዲስ ባለቤት 7 ቀን መጠበቅ አለበት፣ እሱ ከበዓል በኋላ ይደርሳል። ፒኑንም ከጋራዡ አንሺው። እስከዚያ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የዛሬን ዱለት ቀርጸሽ «ክፍት ነን» ብለሽ ስልክና ሎኬሽን ልቀቂ።

የጓዳዋ (4:20)
በራ! አርማው መጣ... መብራት ሄደ። 4 ፐርሰንት ላይ ጠፋ። ጎረቤት ጀነሬተር አለው ግን ካማሁት በኋላ እንዴት ብዬ ልጠይቀው። መብራት ሲመጣ አሳውቃችኋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ከአቶቴ (ሐምሌ 16፣ ከምሽቱ 1:05)
እህቴ፣ ምን ደረሰ?

ባጃጅ 07 (ሐምሌ 18፣ ከምሽቱ 4:30)
ዛሬ ሦስት ዙር ሰው አድርሻለሁ እዚያ በር። ግቢው ሙሉ ነው፣ በርጩማ ከጎረቤት ተበድረው ውጭ ሰው አስቀምጠዋል። እሷን ለማናገር ሞከርኩ፣ ድስት ይዛ ስትሮጥ ነበር። ማፑን ከፈትኩት፣ እኔ ስልክ ላይ አሁንም ቀይ ነው። የኔ ስልክ ይሁን የሷ እኔንጃ። የድሮ ሀዋሳ ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ዱለት እየበሉ ነበር መሰለኝ፣ ካልሆኑ እሳቸውን የሚመስሉ ሽማግሌ ነበሩ።

የድሮ ሀዋሳ (4:41)
ጨው ትንሽ በዝቶበታል።

ፀጉር ቤት ሞቢል (ነሐሴ 3፣ ከጠዋቱ 4:00)
ሰላም፣ ይሄን አሁን ነው ያየሁት። እህቴ ተፈታልሽ ወይ? የኔም ፀጉር ቤት «ተዘግቷል» ይላል። የከፈተልኝ ልጅ ስልኩን አያነሳም።

ማሜ ታቦር (4:06)
ወንድሜ ካሽ አጽዳ።