የብረት ፓራውልቴን ጨው እየበላብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጭቃ_ወዳድ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ፎርዊሌ ላይ የፊትና የኋላ ወፍራም የብረት ፓራውልት አስገጥሜ ነበር፣ ጥቁር ፓውደር ኮቲንግ (በዱቄት ተረጭቶ ምድጃ ውስጥ የሚቀልጥ ቀለም) ያለው፣ ሲመጣ ዓይን የሚስብ ነገር ነበር በቃ። አንድ ዊንተር በረዶ እንዲያቀልጥ ጨው በተረጨ መንገድ ከተነዳ በኋላ ግን ብየዳው አካባቢና የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ፣ በጥፍር ስነካው ተላጦ ይመጣል፣ ከዊንቹ (መኪና መጎተቻው) ስር ካለችው ቀዳዳም ቡናማ ውሃ እየወረደ መስመር ሰርቷል። አንዱ ቤድላይነር (የፒካፕ ጭነት ቦታ ላይ የሚረጨውን ወፍራም ሽፋን) አስረጭበትና ተገላገል ይለኛል፣ ሌላው ዘይት ቀባው፣ ሌላው ደሞ አውልቀህ እንደገና አስቀባው ይላል። በረዶው ሳይገባ መጨረስ ስለምፈልግ የምታውቁ እስቲ በናታችሁ።

የብየዳ_ሰው፦
ቤድላይነሩን አሁን እንዳታስረጭ ወንድሜ! ዝገት ላይ ከተረጨ ከላይ ያምራል ከስር ይበላል፣ ወፍራም ስለሆነ ደሞ መበላቱን የምታየው ዘግይተህ ነው። ፓውደር ኮቲንግ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ችግሩ ባዶ ብረት ላይ አንድ ንጣፍ ብቻ ተቀብቶ ሲሸጥ ነው። ዱቄቱ የሚለጠፈው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሆነ የውስጥ ማዕዘን ውስጥ በደንብ አይገባም፣ ሹል ጠርዝ ላይ ደሞ ምድጃ ውስጥ ሲቀልጥ ይሸሽና ይሳሳል፣ ለዛ ነው ሁሌ ብየዳና ጠርዝ ቀድሞ የሚያብጠው። አንድ ጠጠር ፈንጥሮ ከላጠው የጨው ውሃ ይገባና በቀለሙ ስር ወደ ጎን እየሄደ ይበላል።

አውርደው። መጀመሪያ በውሃ በደንብ እጠበው፣ ጨው ያለበትን ዝገት ደረቁን ከፈገፈግከው ጨዉን ብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትጠቀጥቀው። ከዛ ያበጠውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ጠበቅ ብሎ እስከያዘበት ድረስ ዙሪያውን ላጠው፣ ሹሉን ጠርዝ በሞረድ ክብ አድርገው፣ በ80 ቁጥር ሳንድ ፔፐር አሻክረህ በአሴቶን ጥረገውና በዛው ቀን ዚንክ የበዛበት ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ንጣፍ) ቀባው። ሳትቀባው ካደረ ያቺ ቀይ አቧራ ነገር ተመልሳ ትመጣለች። ከላዩ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክረው ቀለም)፣ ከዛ የፈለግከው ቀለም። ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ስለሚበላ ቢጫርም እንኳን ለጊዜው ይከላከልልሃል። ቤድላይነር ካማረህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን።

ጭቃ_ወዳድ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዝገቱን ወደ ጥቁር የሚቀይረው ፈሳሽ እጄ ላይ አለ፣ ኮንቨርተር የሚሉት፣ ከዚንኩ በፊት እሱን ብቀባውስ? ድርብ መከላከያ ይሆናል ብዬ ነው።

የብየዳ_ሰው፦
አይሆንም፣ እንደውም ይጎዳል። ዚንክ የሚሰራው ባዶውን ብረት በቀጥታ ሲነካ ብቻ ነው፣ ኮንቨርተሩ መሃል ከገባ ዚንኩ ተራ ቀለም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ብረቱ ብልጭ እስኪል መፈግፈግ የምትችልበት ቦታ ዚንክ፣ ብሩሽም ግራይንደርም የማይደርስበት ጥግ ላይ ኮንቨርተርና ኢፖክሲ።

ሰማያዊ_ፒካፕ፦
እኔ የምለው ለምን አሉሚኒየም አይገዛም? አይዝግም፣ ቀላል ነው፣ ነገሩ አለቀ።

ዳገት_ወጪዋ፦
አላለቀም ወንድም 😄 አሉሚኒየም ቀይ ዝገት የለውም እንጂ ጨው ይበሳሳዋል፣ የብረት ሻሲ ላይ በቡለን ሲታሰርና መሃላቸው የጨው ውሃ ሲገባ ደሞ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ ነጭ ዱቄት ካየህ እሱ ነው። ከገዛህም መሃሉ ላይ የፕላስቲክ ሮንዴላና መለያ አስገባ።

ወደ ጠያቂው ስመለስ ግን ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ውጪው ነው፣ ከቀዳዳ ቡናማ ውሃ ወረደ ካለ ዝገቱ ውስጥ ነው ያለው። የፓራውልት ውስጥ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይቀባም፣ ቢቀባም ዱቄቱ አይደርስም፣ ከመንገድ ውጪ ስትነዳ የገባው ጭቃ ጨዉን ይዞ እዛው ይቀመጣል፣ ሳምንቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ካወረድከው አይቀር ገልብጠህ ንጹህ ውሃ እስኪወጣ በውሃ ጎማ እጠበው፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ መውጫ ከሌለው በትራፓኖ ብሳለትና የበሳኸውን ጠርዝ ቀለም ቀባው። በደንብ ሲደርቅ ረጅም ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ ላኖሊን ያለበትን ቅባት ውስጡ ርጭ፣ ከበግ ሱፍ የሚወጣው ማለቴ ነው፣ ፍሉይድ ፊልም ወይ ዉልዋክስ ዓይነቱን። አይደርቅም፣ ወደ ብየዳው ስንጥቅ ይሳባል፣ ቡለኖቹንም ቀባቸው። ደብሊውዲ ፎርቲ የሚባለው ቀጭን የሚረጭ ዘይት ቶሎ ይጠፋል፣ ለዚህ አይሆንም። የተቃጠለ ሞተር ዘይት የሚሉህንም አትስማ፣ መሬቱ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ፍሬን ዲስክ እንዳይነካ፣ ጎሚኒም ላይ አታብዛው አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል። በየዓመቱ በረዶ ሳይጥል መደገም አለበት፣ እሱን ከሰነፍክ ግን ዋጋ የለውም።

ጥቁር_ቀለም፦
ሌላ ፓራውልት የምታሰራ ካለህ ሳይቀባ በፊት በቀለጠ ዚንክ ማስነከር ነው፣ ጋልቫናይዝ፣ ከውስጥም ከውጪም ይለብሳል። ግን 450 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የተዘጋ ቱቦ ካለው አየር መውጫ ሳይበሳለት እንዳይገባ፣ ውስጡ የቀረ አየርና እርጥበት ግፊት ፈጥሮ ሊያፈነዳው ይችላል፣ ቀልድ አይደለም። ከዛ በላይ ፓውደር ኮቲንግ ማስደረግ ይቻላል፣ ቀቢው ጋልቫናይዝ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀና ካዘጋጀው።

ዳገት_ወጪዋ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ጨው የሚበላው ሲረጥብና ሲሞቅ ነው፣ ስለዚህ ሳታጥበው ሙቀት ያለው ጋራዥ ውስጥ ማሳደር ደጅ ብርድ ላይ ከማሳደር የባሰ ነው። መንገዱ ላይ ካልሲየም ወይ ማግኒዚየም ክሎራይድ ከተረጨ ደሞ እሱ ከአየር ውሃ ስለሚስብ ደረቀ ብለህ አትጠብቅ። ሙቀቱ ከዜሮ ከፍ ባለ ቀን ከስርና ከኋላ በኩል እጠበው፣ ፊቱን ብቻ ማጠብ ለፎቶ ነው።

ጭቃ_ወዳድ፦
ገባኝ። ቅዳሜ አወርደዋለሁ፣ የፓርኪንግ ሴንሰሮቹስ?

የብየዳ_ሰው፦
ሴንሰሮቹን ነቅለህ አውጣቸው፣ ሶኬታቸውን በፌስታል ጠቅልል፣ ፊታቸው ላይ ቀለምም ቅባትም እንዳይነካ።