ባለ ቀለም ሰኩለንት ለመትከል ላሰባችሁ፦ የትኛው ዝርያ፣ በምን አፈር፣ በምን መትከያ?

ሰኩለንት በወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚያከማች ተክል ነው። ከሰኩለንቶች መካከል ቅጠላቸው በክብ ተደርድሮ የፈካ አበባ የሚመስሉትን ለመትከል ላሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው መስኮቱን እንዲያይ ነው። ሐምራዊው፣ ሮዙና ቀዩ የቅጠል ጫፍ ከተክሉ ጋር ተገዝቶ ለዘላለም የሚኖር አይደለም። አንቶሲያኒን የተባለው ቀለም በቅጠሉ ውስጥ በብዛት የሚፈጠረው ተክሉ ብርቱ ብርሃን ሲያገኝ ነው፤ ቀዝቃዛ ሌሊትና መጠነኛ የውሃ እጥረት ያደምቁታል። ያው ተክል ጥላ ውስጥ ሲከርም ወደ አረንጓዴ ይመለሳል፣ ግንዱም ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ የተመዘዘ ግንድ ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለማዳበሪያና ለጌጠኛ መትከያ ከማውጣታችሁ በፊት ፀሐይ ቤታችሁ ውስጥ የት፣ ለስንት ሰዓት እንደምትቆይ ተከታተሉ።

በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላችሁ ምርጫዬ ኤቼቬሪያ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ የሜክሲኮ ናቸው። ከእነርሱ መካከል ‘ፐርለ ፎን ኑርንበርግ’ የሚባለው ዲቃላ ግራጫ፣ ሐምራዊና ሮዝ በአንድ ቅጠል ላይ የሚያዋህድ እጅግ ውብ ተክል ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉን የሸፈነው ነጭ ሰም መሰል ዱቄት በጣት ሲነካ ይለቃል፣ በለቀቀበት ቅጠል ላይም ተመልሶ አይወጣም። ያ ዱቄት ተክሉን ከፀሐይ የሚከላከል ልብሱ ነው። ልጆች ወይም ድመት ባሉበት ቤት ኤቼቬሪያ አጋቮይደስን አስቀድማለሁ፤ ቅጠሉ ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፣ ጫፉም በፀሐይ እየቀላ ይሄዳል።

ለጀማሪ ግን ግራፕቶፔታለም ፓራጓየንሴን የሚያህል ታጋሽ አላውቅም። በጥላ ሰማያዊ ግራጫ፣ በፀሐይ ሮዝ ይሆናል። የወደቀ ቅጠሉ አፈር ላይ ተኝቶ ራሱን ይተክላል።

ሴምፐርቪቨም የአውሮፓ ተራሮች ልጅ ነው፤ ውርጭ አይጎዳውም፣ ቀለሙም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። ቤት ውስጥ ግን ይልፈሰፈሳል፣ ስለዚህ ደጅ ብቻ ትከሉት። ኤዮኒየም ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ‘ዝዋርትኮፕ’ የተባለው ዓይነት በጠራራ ፀሐይ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናል። ሉኮብሌፋረም የተባለው ዘመዱ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካና በየመን በዱር የሚበቅል ነው። ኤዮኒየም በሞቃትና ደረቅ ወራት እንቅልፍ ላይ ስለሚሆን ያኔ ውሃ መቀነስ አለባችሁ። በቅጠል አታባዙት፤ ግንዱን ቆርጦ መትከል ይሻላል።

መስኮታቸው ብርሃን ለሚያንሰው ሃዎርቲያ የተባለውን ሰኩለንት እጠቁማለሁ፣ ደማቅ ቀለም ግን አትጠብቁ። ቀለሙን የግድ ከፈለጋችሁ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ግዙና በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብሩለት። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡት መብራቶችም ያሳድጋሉ፤ ነገር ግን የለፋችሁበትን ቀለም እንዳታዩ ይከልሏችኋልና ነጩን እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው ተክሉን የሚገድለው በአፈር ነው። ‘ለካክተስ’ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው አፈር ብዙውን ጊዜ ፒት በሚባለው፣ ከበሰበሱ የረግረግ ዕፅዋት በሚገኝ አፈር፣ የተሞላ ነው፤ ሲርስ ውሃውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ጨርሶ ሲደርቅ ደግሞ ውሃ አላስገባም ይላል። ብቻውን አትጠቀሙበት፤ ግማሹን ፐሚስ አድርጉት። ፐሚስ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ጠጠሩ ተስማሚ ነው። ፐርላይትም (በሙቀት የተነፋ ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሠራል፣ ቀላል በመሆኑ ግን ውሃ ባጠጣችሁ ቁጥር ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ደቃቅ አሸዋ ቀዳዳዎቹን ይደፍናልና ተዉት። ከመትከያው ሥር ጠጠር መደርደርም ውሃን አያስወጣም፤ እርጥበቱ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ቆሞ ወደ ሥሩ ይበልጥ ይቀርባል።

መትከያን በተመለከተ ያልተለበጠ ሸክላ በጎኑ ስለሚተነፍስ እጁ ለውሃ ለማይሰስት ሰው ይሆናል። ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚያቆይ አጠጪው ቁጥብ ከሆነ አይከፋም። ቀዳዳ የሌለው የብርጭቆ ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢያምር መቃብራቸው ነው። ስፋቱ ከተክሉ ክብ በ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃል።

ውሃን በርጭት ማርከፍከፍ አይጠቅምም። አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ከሥሩ አጠጡና ትርፉ በቀዳዳው ይውጣ፤ በቅጠሎቹ መካከል የተኛ ውሃ መበስበስን ይጠራል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሉን አረንጓዴና ልፍስፍስ ያደርጋል፤ ካስፈለገ በእድገት ወቅት ብቻ፣ ከታዘዘው መጠን ግማሹን ስጡ።

አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል፦ በቀለም የተቀባ ተክል ‘ብርቅዬ’ ተብሎ መሸጡ። ደማቅ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ሆኖ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ከወጣ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ብርሃንን ስለሚከልል ተክሉን ይጎዳዋል። የቀስተ ደመና ቀለም ያላቸው ሰኩለንቶች ፎቶ ተለጥፎባቸው በኢንተርኔት የሚሸጡ ዘሮችንም አትግዙ።

ስትገዙ ቅጠሎቹን በጥንቃቄ ገልጣችሁ መካከላቸውን እዩ። እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር ካለ ሚሊባግ የተባለ ተባይ ነው፤ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ በተነከረ ጥጥ እየነካችሁ በየሳምንቱ አጽዱት። አዲስ መጪውን ከሌሎቹ ለይታችሁ ጥቂት ሳምንታት አቆዩ፣ ወደ ጠራራ ፀሐይም ቀስ በቀስ አውጡት፤ በአንድ ጊዜ ከወጣ ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም ቅጠሉ እስኪረግፍ አይጠፋም።