የአባቴ ሱፐር 8 ፊልም፦ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጠፉብኝ

ሰላም። አባቴ በ1966 ዓ.ም. በኮዳክሮም (ባለቀለም የኮዳክ ፊልም) የቀረጸውን የእህቱን ሠርግ ዲጂታል አስደረግኩት። ሜዳው ፏ ብሏል፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን ድፍን ጥቁር ነው፣ የአያቴ ነጠላ ጥለት ብቻ ይታያል። ሪዞልቭ (የቪዲዮ ቀለም ማረሚያ ሶፍትዌር) ላይ ሊፍቱን (የጥቁሩን ደረጃ ማንሻ) ከፍ ሳደርገው ጥቁሩ ግራጫ ጭጋግ ሆነ እንጂ ፊት አልወጣም።

— ወንድሜ፣ ፋይሉ ምንድን ነው? ዌቭፎርሙን (የብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈትና ታችኛውን ጫፍ እይ። ዜሮ ላይ ተለጥፎ ከተኛ እዚያ የሚነሳ ነገር የለም።

— 8 ቢት ኤምፒ4። ተኝቷል።

— እንግዲያው ፋይሉን ተወውና ወደ ፊልሙ ተመለስ። ኮዳክሮም ፖዘቲቭ ነው (ጨለማው ፊልሙ ላይም ጨለማ ነው፣ እንደ ኔጋቲቭ አይገለበጥም)፤ ጥላው ፊልሙ ላይ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የስካነሩ መብራት አልዘለቀውም ይሆናል። ጠርዙን ይዘህ በእጅ ባትሪና በአጉሊ መነጽር እየው። ፊት ካለ እንደገና አስቃኘው፦ አንዱ ለደማቁ፣ አንዱ ለጥላው፣ ቢያንስ 10 ቢት (ከ8 ቢት የበለጠ የብርሃን ደረጃ ይይዛል)። ከዚያ ሊፍቱን ሳይሆን ጋማውን (የመካከለኛውን ብርሃን ማስተካከያ) ንካ። ኖይዙን (የስካነሩን ነጠብጣብ) ቀድመህ ቀንስ፤ ግሬኑን (የፊልሙን የራሱን ቅንጣት) ግን ሙልጭ አታድርገው፣ ሙሽራዋ ሰም ትመስልሃለች። (እኔ ላይ ደርሷል።)

— አሁን አየሁት። አያቴ እየሳቀች ነው፤ ጎኗ ደግሞ የማላውቀው ሕፃን አለ። ነገ እናቴን እጠይቃለሁ።