የጦር ኃይል ማኅበራዊ ገጽ ሲጠለፍ የጦሩ ምስጢርም አብሮ ይወሰዳል?

ጠያቂ፦ የዕድር ጸሐፊ፣ ጎንደር ማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን ወጣቶች መካከል የተነሣ ክርክር ነው ለዚህ ጥያቄ ያነሣሣኝ። አንዳንዶቹ የአንድ ጦር የትዊተር (የአሁኑ ኤክስ) ገጽ ተጠለፈ ማለት ጠላፊው የጦሩ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ ማለት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም ባዮች ናቸው። የዕድራችንን የቴሌግራም ቻናል የማስተዳድረው እኔ ስለሆንሁ፣ የቀብር ሰዓት እንኳ ተዛብቶ ቢነገር ስንቱ ሰው ከአዘዞ ድረስ በከንቱ እንደሚንገላታ አውቃለሁና ነገሩ ያሳስበኛል። ይህን ያህል ጥበቃ ያለው ጦር ገጹን ከተነጠቀ፣ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

መላሽ 1፦ የኔትወርክ ባለሙያ

ገጹና የጦሩ ኔትወርክ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2015 የእስላማዊ መንግሥት ቡድን ደጋፊ ነን ያሉ ጠላፊዎች የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝን የትዊተርና የዩቲዩብ ገጾች ሲቆጣጠሩ፣ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር (ፔንታጎን) ገጾቹ ያሉት በንግድ ኩባንያዎች ሰርቨር (መረጃ ማከማቻ ኮምፒውተር) ላይ እንጂ በመከላከያው ኔትወርክ ውስጥ አለመሆኑን ገልጾ፣ ምስጢራዊ መረጃ አልወጣም ብሏል። በጁላይ 2022 የብሪታንያ ጦር ሠራዊት ገጾች ሲጠለፉ ደግሞ የተለጠፈው የክሪፕቶ ገንዘብ ማስታወቂያ ነበር፤ ይህም ጠላፊው የፈለገው የጦሩን ምስጢር ሳይሆን የተከታዮቹን ብዛትና የስሙን ተአማኒነት እንደነበር ያመለክታል። ጦሩ ካምፑን በዘብ ቢያስጠብቅም፣ የገጹ ደኅንነት የሚወሰነው የይለፍ ቃሉን በያዙት ጥቂት ሠራተኞች ጥንቃቄ ነው።

መላሽ 2

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «ምስጢር አልወጣም» ተብሎ መታለፉ አደጋውን ያሳንሰዋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013 የአሜሪካው ዜና ወኪል የአሶሺየትድ ፕሬስ ትዊተር ተጠልፎ በዋይት ሐውስ ፍንዳታ ደረሰ የሚል ሐሰተኛ ዜና ሲለጠፍ፣ የአሜሪካ የአክሲዮን ዋጋ የሚለካበት የዶው ጆንስ መለኪያ በደቂቃዎች ውስጥ ከ140 ነጥብ በላይ ወርዶ ነበር፤ ጠላፊዎቹም ለድርጅቱ ሠራተኞች የይለፍ ቃል አታሎ የሚወስድ የማጥመጃ ኢሜይል አስቀድመው መላካቸው ታውቋል። ገበያው ወዲያው አገገመ። በጦር ገጽ ላይ ግን «ጥቃት ተጀምሯል» ተብሎ ቢለጠፍ፣ ማስተባበያው እስኪደርስ ድረስ ከቤቱ የሚሸሸውን ሰው ማን ይመልሰዋል? ለእኔ ከምስጢር መውጣት የማይተናነስ ጉዳት ነው።

መላሽ 3፦ ለዕድሩ ጸሐፊ

እርስዎን በቀጥታ የሚመለከተው የስልክ ቁጥሩ ጉዳይ ነው። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የኤክስ ገጽ የተነጠቀው፣ ጠላፊው የገጹን ስልክ ቁጥር በማታለል በሌላ ሲም ካርድ ላይ ስላስወጣ ነው፤ የገጹ ተጨማሪ ማረጋገጫም ከወራት በፊት እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። የቴሌግራም አካውንትም በስልክ ቁጥር የሚከፈት በመሆኑ፣ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ ያገኘ ሰው፣ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካላስቀመጡበት በስተቀር፣ አካውንትዎን ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ያብሩ፤ ኮዱንም ወዳጅ መስሎ ለሚጠይቅዎ ሰው ጭምር አይስጡ። አካውንትዎ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር ከማስተካከያው ውስጥ አይተው የማያውቁትን ያስወጡ። እንዲህ ያለው ጠለፋ በአገራችንም በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። የዕድሩን ለፋፊ ግን ቴሌግራም መጣ ብላችሁ አታስቀሩት፤ ቻናሉ ቢነጠቅ ትክክለኛው የቀብር ሰዓት ለአባላቱ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው።