«ጋሪ ገፊው» ርዕሰ መስተዳድር እና የእኛ ማኅበራት

የቦርከና ልጅ፦
አውስትራሊያ፣ አድሌድ ከተማ የሚኖረው «የአድሌዱ» ትናንት እዚህ የለጠፈውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ተናደድኩ። የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ርዕሰ መስተዳድር ፒተር ማሊናውስካስ «ከጋሪ ገፊነት ተነሥቶ በሠራተኛ ማኅበር በኩል ግዛት መሪ ሆነ፤ የኮምቦልቻ ማኅበር መሪዎችም ከእሱ ተምረው ምክር ቤት ይግቡ» ይላል። ወንድሜ፣ ጋሪ ገፊ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ረስተኸዋል። ሲነጋ ሲሚንቶ፣ ሲመሽ እህል የሚገፋ፣ ነገም ከነገ ወዲያም የሚገፋ ሰው ነው። ያንተ ሰው ኮሜርስ እያጠና የሱፐርማርኬት መግዣ ጋሪ ሰበሰበ፤ በ27 ዓመቱ የሱቅ ሠራተኞች ማኅበር የግዛቱ ጸሐፊ ሆነ። የማኅበር ቢሮ ታሪክ ነው። የጋሪ ገፊ ታሪክ አትበለው።

የአድሌዱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጋሪ ሰብስቧል፣ እቃ ደርድሯል፤ ውሸት አልጻፍኩም። አያቶቹ ከጦርነቱ በኋላ ከሊትዌኒያና ከሀንጋሪ የተሰደዱ ናቸው። እኔም ስደተኛ ስለሆንኩ ነገሩ ልቤን ይነካኛል፤ አልደብቅም። በፈረንጆች 2015 ምክር ቤት ገባ፤ የፖሊስ፣ ቀጥሎም የጤና ሚኒስትር ሆነ። የሠራተኞች ፓርቲው (ሌበር) በ2018 ሲሸነፍ ተረክቦ በ2022 ከ47 መቀመጫ 27ቱን ወሰደ። ከሠራተኛ መካከል የወጣ ሰው እዚያ ከደረሰ የእኛዎቹ ለምን አይደርሱም? ጥያቄዬ ይኸው ብቻ ነበር።

የሙጋድ ልጅ፦
«ምክር ቤት ገባ» ያልከውን ሳትተነትን አታልፈውም። በሕዝብ ድምፅ ነው የገባው? አይደለም። ሌላ ሰው በለቀቀው ወንበር ፓርቲው አስቀመጠው፤ ወዲያው በወሩ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያ በፊትም በ2011 ገና የማኅበር ጸሐፊ ሳለ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ከጃክ ስኔሊንግ ጋር ሄዶ ርዕሰ መስተዳድር ማይክ ራንን «ወንበሩን ለጄይ ዌዘሪል አስረክብ» ያለው እሱ ነው። ራን በሦስት ምርጫ ያለፈ ሰው ነበር፤ በዚያው ዓመት ለቀቀ። ማንም ያልመረጠው ሰው የተመረጠውን አወረደ። ይህንን ነው ለኮምቦልቻ ሠራተኛ አርአያ አድርገህ የምታቀርበው?

የአድሌዱ፦
ፓርቲ መሪውን መቀየር መብቱ ነው። ማኅበራቱ ያንን ፓርቲ የመሠረቱ ናቸው፤ በቤታቸው ጉዳይ ይናገራሉ። ለራሱ ሥልጣን ሲል አላወረደውም፤ ወንበሩን የያዘው ሌላ ሰው ነው።

የሙጋድ ልጅ፦
«በቤታቸው ጉዳይ» አልክ። ግዛቱ የማን ቤት ነው? የሕዝቡ ወይስ የማኅበሩ?

የሐይቅ መምህር፦
የሙጋድ ልጅ፣ ረጋ በል። ፖለቲካ ውስጥ አልገባም ያለ ማኅበር እዚህ አገር ምን እንደደረሰበት አንርሳ። በእኛ አቆጣጠር በ1955 የተቋቋመው የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1966 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አገሪቱን አናወጣት። ደርግ በ1968 አፈረሰው፣ በ1969 የራሱን የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተከለ። የእኔን ሙያ ብታነሡ፣ የመምህራን ማኅበር አመራር የነበረው አሰፋ ማሩ በ1989 በፖሊስ ጥይት ተገደለ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ታስረው የ15 ዓመት ፍርድ ተበየነባቸው፤ በ1994 ተፈቱ። እነዚህ ሰዎች ምክር ቤት ውስጥ የሚጮኽላቸው ቢኖር ኖሮ ብዬ ሁልጊዜ አስባለሁ። የአድሌዱ ልጅ ምሳሌው ቢጎድልም ሐሳቡ ትክክል ነው።

የቦርከና ልጅ፦
መምህር፣ አክብሬዎታለሁ፤ ግን ጉዳዩን አዞሩት። አሰፋ ማሩ ሥልጣን ፈልጎ አልሞተም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ማኅበሩን ለብሶ ወደ ሥልጣን የሚሄድ ሰው ሥልጣኑ ላይ ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል። ማሊናውስካስ ወንበሩን ከያዘ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2023፣ የነዳጅ ኩባንያዎች ጉባኤ አድሌድ ላይ ሲካሄድ አንዲት ተቃዋሚ በገመድ ከድልድይ ላይ ተንጠልጥላ መንገድ ዘጋች። መንግሥቱ ምን አደረገ? መንገድ የሚዘጋ ሰልፈኛ ቅጣቱ ከ750 ዶላር ወደ 50 ሺህ ዶላር ወይም የሦስት ወር እስራት እንዲሆን ሕግ አወጣ። ታችኛው ምክር ቤት ረቂቁን ያሳለፈው በ22 ደቂቃ ነው! የግዛቱ ማኅበራት ተቃወሙ፤ አልሰማቸውም። ከሰልፍ የወጣ ሰው ሰልፍን በ22 ደቂቃ!

የአድሌዱ፦
ያ ሕግ እኔንም አላስደሰተኝም። በዚያ ቀን ግን መንገዱ ተዘግቶ መሐል ከተማ ቆሜ ነበር፤ ሕዝቡ ተማርሮ ነበር።

የቦርከና ልጅ፦
«ሕዝቡ ተማርሮ ነበር» የሚለውን የሰልፍ ፈቃድ የሚከለክል ሁሉ ይለዋል። በእኛ 2015 የሜይ ዴይ ሰልፍ ሲከለከል ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) የሰማው መልስ ከዚህ ይለያል?

ጣቃ፦
ልጆች፣ እኔ እናታችሁ ልሆን እችላለሁና ታገሡኝ። በሽመና ክፍል 19 ዓመት ቆሜያለሁ። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን በእጅ ነበር የምንነጋገረው፤ ጣት ማንሣት «ክር ተበጠሰ»፣ መዳፍ መዘርጋት «ተቆጣጣሪው መጣ» ነው። የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣት ይዤ ቋጥሬ ማሽኑን እስክመልስ የምርት ቆጣሪው ይቆማል፤ ከደመወዜም ይቆረጣል። ያንን ቁረጣ ለማስቀረት ማኅበር መረጥን። ሊቀ መንበር ያደረግነው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ 212 ሰው የፈረመበትን ጥያቄያችንን ከላይ አስቀድሞ የፈረመው እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት የአስተዳደር ወንበር ሰጡት። በሦስተኛው ዓመት ዘገየሽ ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ከታች ያለውን ፊርማ አየሁት፤ ያው ፊርማ፣ ጭራው ወደ ላይ የሚወጣው። ስለዚህ የቦርከና ልጅ ልብስ ያወልቃል ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

የአድሌዱ፦
እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ የሰውየው ክህደት ነው፤ የመንገዱ ጥፋት አይደለም። ሌላውንም ስሙኝ። በየካቲት 2025 የኋያላ ከተማ ብረት ፋብሪካ ባለቤት ዕዳ ቆልሎ ሠራተኛው ሊበተን ሲል ግዛቱ ሕጉን በአንድ ቀን ለውጦ ፋብሪካውን ከእጁ አውጥቶ በአስተዳዳሪ ሥር አዋለው። ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር 2.4 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተመደበ። ከተማው ያለ ፋብሪካው ከተማ አይሆንም። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በእኛ 2014 በጦርነቱ ሲዘረፉ፣ በዚያው ዓመት አጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) ሲቋረጥ፣ ስለ ሽመና ሠራተኛ በምክር ቤት የተናገረ ማን ነበር?

ጣቃ፦
ይህስ እውነት ነው። በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ማሽኖቹን አየናቸው። አልጽፈውም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል።

የሙጋድ ልጅ፦
እትዬ አይዞዎት። የአድሌዱ ግን ወዲያ ወዲህ ሲዘል የመጀመሪያውን ጥያቄ አልመለሰም። ጋሪ ገፊ ነበር ወይስ አልነበረም?

የሐይቅ መምህር፦
እናንተ ደሴዎች አንድ ቃል ከያዛችሁ አትለቁም። ሰውየው ጋሪ ገፋ አልገፋ ምን ለውጥ ያመጣል?

የሙጋድ ልጅ፦
መምህር፣ የደሴን ስም ምን አመጣው? ቃሉን ያነሣው የኮምቦልቻው የቦርከና ልጅ ነው። ለውጥም ያመጣል፤ ጋሪ ገፊ ነበር ብለን ካመንን የሚያደርገውን ሁሉ ስለ ጋሪ ገፊዎች ነው ብለን እንቀበላለን።

የቦርከና ልጅ፦
እዚህ ላይ ከሙጋድ ልጅ ጋር ነኝ። የጋሪውን ነገር ካነሣችሁ ደግሞ ማሊናውስካስ በፈረንጆች 2015 መጋቢት የፈረመውን ስምምነት አንሡ። ማኅበሩ ከነጋዴዎቹ ማኅበር ጋር ተስማምቶ የሱቅ ሠራተኛው የቅዳሜ ጭማሪ እንዲቀር፣ የእሑዱ በግማሽ እንዲቀነስ፣ በምትኩ መነሻ ደመወዙ ከፍ እንዲል አደረገ። እሑድ የሚሠራው ማን ነው? ቤት ኪራይ ያስጨነቀው ተማሪና እናት ነው። በእኛ አዋጅ 1156/2011 እንኳ በሳምንት የዕረፍት ቀን ለሠራ ትርፍ ሰዓቱ በእጥፍ ይታሰባል። የሱቅ ሠራተኛ መሪ የእሑድን ጭማሪ አሳልፎ ሰጥቶ በዚያው ዓመት ምክር ቤት ገባ!

የአድሌዱ፦
ስምምነቱ ሠራተኛው ቅዳሜና እሑድ አልሠራም የማለት መብትም ሰጥቶታል፤ ይህን ለምን ዘለልከው? መነሻው ከፍ ሲል በሥራ ቀን የምትሠራዋ ሴት ትጠቀማለች። ማኅበር መደራደር ነው፤ ሁሉን ይዞ መውጣት አይቻልም።

ጣቃ፦
ልጄ፣ «አልሠራም የማለት መብት» ያልከው እኛም ዘንድ ነበር። በወረቀት። አልሠራም ያለችው ለሚቀጥለው ወር ስሟ ከሌሊት ፈረቃ አይወጣም።

የሐይቅ መምህር፦
ታዲያ እትዬ ምን ይደረግ? አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ከጻፈ ዓመታት አለፉ። በግል ድርጅት ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት እንደሆነ የሚናገር ወረቀት አሁንም የለም። ይህንን ከውጭ ሆነን በመጮኽ ነው የምናስወስነው?

ጣቃ፦
ሰው ይግባ እንጂ አይግባ አላልኩም። ሲገባ ማን ይጠይቀዋል ነው ያልኩት። የእኛን ልጅ የጠየቀው አልነበረም።

የሙጋድ ልጅ፦
የአድሌዱ፣ አንተ እዚያው ነህ። የሚከራከረውን ሁሉ ተወውና ከምትገበያይበት ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይዋን ጠይቅልን። ስለዚህ ሰው ምን ትላለች?

የአድሌዱ፦
እሺ፤ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እገባለሁ፣ እጠይቃታለሁ።

የቦርከና ልጅ፦
የረቡዕዋን አይደለም። የእሑድዋን ጠይቅ።